ከአራተኛ ፎቅ የሚታይ ሐይቅ

ሐምሌ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ
ቱሉ ዲምቱ ነጋ፣ ሜዳው ከጉም ጋራ አብሮ።
ከብሎካችን በታች መሬት የሚባል የለም፤
የሲሚንቶ ማቡኪያው አፍንጫ ብቻ ብቅ ብሏል፣
ጉማሬ ነው እንዳትሉት አይተነፍስም።
ላቀው በረንዳው ላይ ጋቢውን ደርቦ፣
በቢጫ ጀሪካኖች ግራ ቀኝ ተከቦ፣
«ትርፌ፣» ይለኛል፣ «መልሕቁን እናንሣው?»
«መጀመሪያ ወደብ ውረድና ዳቦ ግዛ፣ አንተ ሰው!»
ይስቃል። ጉልበቱን ያሻል። አይወርድም።

ጡረታ በወጣን በዓመቱ እቁቡ ሲደርሰን፣
«ሴራሚክ!» አሉ ልጆቹ፤ «ወለሉ ይነጠፍ» ብለው መከሩን።
እሱ ሠላሳ ዓመት አቃቂ ፋብሪካ ድር ሲያደራ ኖረ፤
እኔ ቴሌ ወንበር ላይ፣ ጎሬን ከነገሌ ሳገናኝ
ዕድሜዬ በሽቦ ተሻገረ።
«ሃሎ፣ ባሕር ዳር!» ያልኩት ስንት ሺህ ጊዜ ነው፤
ባሕሩን ግን እንጃ፣ መልኩን አላውቀው።
ሴራሚኩ ቀረ።

ስምንት ሰው የምትይዝ ትንሽ መርከብ፣ ቀለሟ የተላጠ፤
ስድስት ቀን በጣና፣ ጠዋት ከአንዱ ደሴት ወርዶ ማየት፣
ማታ ተመልሶ መተኛት፣ እየተናጡ፣ ሆድ እየተናጠ።
ላቀው የመጀመሪያውን ቀን ብረቱን እንደ ጨበጠ ዋለ፤
«መሬት ምን በደለን?» አለ።
በማግስቱ ግን ካልሲውን አጥቦ ከባንዲራው አጠገብ ሰቀለ።

በሦስተኛው ቀን ሴት የማትረግጠው ደሴት ደረስን።
ወንዶቹ ወረዱ። ላቀው ጋቢውን አጣፍቶ
«ዓይንሽ እሆናለሁ፣ አይቼ እነግርሻለሁ» ብሎኝ ሄደ፣ ደስ እንዲለን።
ሞተረኛው አጥናፉ፣ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ፣
«እማማ፣ ዝም ብለው ከሚቀመጡ
መሪውን ይያዙልኝ፣ አይፍሩ እንጂ» ሲለኝ ያዝኩት።
ብስክሌት ነድቼ አላውቅም።
በስልሳ ሁለት ዓመቴ መርከብ በእጄ ዞረች፤
ውሃው ታዘዘኝ፤ አንዲት ይብራ ከደንገሉ ተነሥታ በራስጌዬ በረረች።
ደሴቱን በጀርባው በኩል እንደ ዞርን
ያን ጊዜ ነው ያየሁት፦
ከገዳሙ ቅጥር እጅግ በታች፣ ከሾላ ዛፍ ሥር፣
ላቀው፣ ብቻውን፣ ጫማውን አውልቆ ከጎኑ አስቀምጦ፣
ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ተቀምጦ፣
ሌሎቹ የወጡበትን ዳገት ሽቅብ ሲያይ።
አጥናፉ ሊያፏጭለት ከንፈሩን ሰበሰበ፤
አፉን በመዳፌ ያዝኩት።

ማታ ተመለሰ፤ ነገረኝ፤ እየተጣደፈ፣
አንድ ሥዕል እንኳ አላለፈ።
«ፈረሱ፣ ትርፌ፣ ቀይ ነው፣ ልክ እንደ በርበሬ፤
ዓይኑ ደግሞ የትም ብትቆሚ ያይሻል፣
እስካሁን አለ ከእኔ ጋር፣ አለቀቀኝም እስከ ዛሬ።»
«እስከ ዛሬ? ጠዋት አይደል ያየኸው?» አላልኩም።
«ጋላቢውስ?» አልኩት።
ትንሽ አሰበ።
«ጋላቢው... ቁርጥ አባትሽን።»
አባቴን አንድ ቀን አይቶት አያውቅም።

ይኸው ስምንት ዓመት፤ ወለላችን ዛሬም ሲሚንቶ፤
ውሃ በፈረቃ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ እሱም ከመጣ።
ደረጃው ሰባ ሁለት ነው፤ ላቀው በጉልበቱ ቆጥሮታል።
ጉም ሲወርድ ግን ብሎኮቹ ከመሬት ይላቀቃሉ፤
ከፊታችን ያለው፣ የሦስተኛ ፎቅ መብራቱን እንዳበራ፣
ቀስ ብሎ በአጠገባችን ያልፋል።
«ይሄ ደግሞ ወዴት ነው?»
«ወደ ጎሮ ይሆናል፣ የቸኮለ ነው።»
ከዚያ፣ «እስቲ ያንን ፈረስ ንገረኝ» እለዋለሁ።
ይነግረኛል። ፈረሱ ከዓመት ዓመት ይሰባል፤
አምና ኮርቻው የብር ነበር፣
ዘንድሮ ወርቅ ሆኗል፤ ጋላቢው ሸብቷል።
እኔ አዳምጣለሁ፣ ጉሙን እያየሁ፤
እጄ፣ ሳላዘው፣
ቀዝቃዛውን የበረንዳ ብረት ይዞ
በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራ ያዞረዋል።